ፀሐይ ፍለጋ ጫካ የገባ ሰው

ወንድሜ አባፎጊ ሞኝ አይደለም። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ የእሱን ነገር የሚያወራ ሰው ሁሉ «አይ ያ ሞኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ እኔም ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሞኝ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልከነከነኝ። ሚዛን ከተማ ውስጥ ቴሌቪዥን የሞተበት፣ ቴፕ የታነቀበት ሰው ሁሉ ተሸክሞ የሚመጣው ወደ እሱ ነበር። እጁ ወርቅ ነው። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደግሁትም እኔ ነኝ። ስለዚህ እሱን መሳደብ ካስፈለገ እኔ እበቃለሁ፤ ሌላው አፉን ይያዝ።

ነገሩ የመጣው በልጁ ነው። ሹክሪያ የበኩር ልጁ ናት፤ ገና የወተት ጥርሷ ሳይረግፍ ስኳር በሽታ ያዛት። ክኒን ውጣ የምትድንበት ዓይነት አይደለም፤ በየቀኑ ኢንሱሊን ካልተወጋች መኖር አትችልም። ያ መድኃኒት ደግሞ ሙቀት አይወድም። አባፎጊ ፍሪጅ ገዛ። ፍሪጅ መብራት ይፈልጋል፤ የእኛ ሰፈር መብራት ደግሞ የሩቅ ዘመድ ነው፣ ሲመጣ እልል ይባልለታል። መብራት ሲጠፋ ሌላው ሰው ሻማ ፍለጋ ይሯሯጣል፤ አባፎጊ ግን ብርድ ልብስ ከአልጋ ገፎ ፍሪጁን ይጠቀልላል። ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ነው። ጎረቤት ይስቅበት ነበር፣ «ፍሪጁ ወባ ያዘው እንዴ?» እያለ።

አንድ ጊዜ መብራቱ ሄዶ ሳምንት ሙሉ ቀረ። ወራቱ የሙቀት ነበር፣ ቤቱ ደግሞ ቆርቆሮ፤ መድኃኒቱ ተበላሸ። ሹክሪያ ታመመችና ሐኪም ቤት ገብታ ለጥቂት ተረፈች። አባፎጊ ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። የፀሐይ መብራት ጣሪያው ላይ ልስቀል ብሎ የቤት አከራዩን ወይዘሮ ማናልሞሽን ለመነ። «ቆርቆሮዬ ይበሳል፣ አላደርገውም» አለችው። ሽማግሌ ላከ። እምቢ አለች። ይሄኔ እልህ ያዘው።

«የማንንም ጣሪያ አልለምንም» አለኝ ሱቄ በር ላይ ቆሞ። «ሸኮ የአባታችን የቡና መሬት አለ። እዚያ ቤት እሠራለሁ፤ የራሴ ፀሐይ፣ የራሴ ውሃ፣ የራሴ ምግብ። ልጄ ከእንግዲህ በሰው መብራት አትኖርም።»

በስልኩ ቪዲዮ ያይ ነበር ለካ! ነጮች ዱር ገብተው የራሳቸውን መብራት ሠርተው፣ ዶሮ አርብተው ሲስቁ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ። «አባፎጊ፣ እዚያ ጫካ ውስጥ ሐኪም አለ?» አልኩት። «የሚያኖራት ሐኪሙ ሳይሆን መድኃኒቱ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ለዚህ ምን ይባላል? ሚስቱ ላምያ እንኳ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ግን ባሏ ካፈርኩ አይመልሰኝ ያለ ሰው ነው፤ እሷም ምንጣፏን ጠቅልላ ተከተለችው።

ቦታው ከሸኮ መኪና መንገድ ወርዶ በእግር ነው። ዙሪያው ቡና፣ ከቡናው በላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከዛፉ በላይ ደግሞ ጉም። ቤቱን የሠራው ከአንድ ግዙፍ ዋንዛ ሥር ነው፤ መሬቱ ደልዳላ ስለሆነ። ፀሐይ መቀበያውን ቆርቆሮው ላይ ሰቅሎ፣ ባትሪውን በእንጨት ሳጥን አድርጎ፣ ትንሿን አዲስ ፍሪጅ ጥግ አስቀምጦ ሲጨርስ እኔን ጠራኝ። ሄድኩ። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ዘነበ። በማግስቱም። አምፖሉ እንደ ሞተ ሰው ዓይን ፈዞ ቀረ።

«ፀሐይ ፍለጋ ጫካ የገባ ሰው አየሁ» አልኩት። ላምያ ሳቀች፤ ሹክሪያም ሳቀች። እሱ ግን «ይሄም ትምህርት ነው» አለ።

ይህቺ ቃል አፉ ላይ ተለጠፈች። ከምንጩ በቀርከሃ የጠለፈው ውሃ በቅጠል ተደፍኖ ጭቃ ሲያወርድ፣ «ይሄም ትምህርት ነው።» የባትሪውን ሳጥን ምስጥ ሲጨርሰው፣ «ይሄም ትምህርት ነው።» በቆሎውን ዝንጀሮ ሲለቅመውና ቤተሰቡ ጠዋት ጎደሬ ማታ ጎደሬ ሲበላ፣ ያው። ስልክ ለመደወል እስከ ጉብታው መውጣት ነበረባቸው። አንድ ቀን ደውሎ ስለ ትምህርቱ ሲነግረኝ፣ «ወንድሜ፣ ዲግሪህን መቼ ነው የምትይዘው?» ብዬ ዘጋሁበት። ተናድጄ ነው። ግን እውነቱን ልናገር፦ ያን ክረምት ሹክሪያ ደህና ነበረች። ፍሪጁ ስለማይሠራ መድኃኒቱን እርጥብ አሸዋ ባለበት ገንቦ ውስጥ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ያገሩም አየር ቀዝቃዛ ነው። ልጅቷ ወፍራ፣ ጉንጯ ቀልቶ፣ ቡና ስትለቅም ትውል ነበር። በዚያው ቢተወው ምን ነበረበት!

አልተወውም፤ የገንቦ ነገር ለእሱ የድሃ መላ ነበር። ልቡ ፍሪጁ ላይ ነው። በዚያ ላይ ሐኪም ቤት የሰማት አንዲት ቃል እንቅልፍ ነሥታው ነበር።

ቃሏን የተናገረችው ሲስተር በየነች ናት። መድኃኒት ለመውሰድ ሚዛን በመጡ ቁጥር የምትሰጣቸው እሷ ናት፤ የሰሜን ሰው ናት፣ ደግ፣ ልጅቷን በስሟ የምታቆላምጥ። ያን ቀን እኔም አብሬ ነበርኩ። ብልቃጡን ለአባፎጊ እየሰጠችው፣ «ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጠው። ግን እንዳይረጋ ተጠንቀቅ። አንዴ ከረጋ ዋጋ የለውም፣ ጣለው» አለችው።

እኛ ቤት የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ አባታችን ከጅማ የመጣ ነው። አማርኛውን የተማርነው ከሰፈር ልጅና ከገበያ ነው፤ ለመገበያየት፣ ለመጣላት፣ ለመታረቅ የሚያንሰን ነገር የለም። ረጋ ሲባል ግን እኛ የምናውቀው ወተትን ነው። ወተት ረጋ፣ እርጎ ሆነ፤ እኛ ኢቲቱ የምንለው። መድኃኒቱም እኮ እንደ ወተት ነጭ ነው! ሲስተር በየነች በረዶ እንዳይሆን ማለቷ ነበር፤ አባፎጊ እንደ ወተት እንዳይቋጠር ብሎ ሰማ። እኔም እንደዚያው ነው የሰማሁት። ማን ይጠይቃል? ሁላችንም የገባን መስሎናል።

አሁን አስቡት። ወተት የሚረጋው በምንድን ነው? በሙቀት ነዋ! የቀዘቀዘ ወተት አይረጋም። ስለዚህ አባፎጊ ከቃሏ ያገኘው ትምህርት አንድ ነበር፦ ልጄ እንድትኖር መድኃኒቱ ይቀዝቅዝ፣ ይበልጥ ይቀዝቅዝ። መድኃኒቱን ከገንቦው አውጥቶ ፍሪጁ ውስጥ አስገባ፤ የፍሪጁን ማብረጃም መጨረሻው ቁጥር ላይ አደረገው። ደመና በሆነ ቀን ያቺ ፍሪጅ ለብ ከማለት አታልፍም፤ እሱ ደግሞ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥቶ ጓል እንዳይኖርበት ያያል። በየማለዳው ከሱብሒ ሶላት ቀጥሎ የሚሠራው ይህን ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ዓይኑን ዋንዛው ላይ ጣለ። ፀሐይ ወጣች፤ ግን ዋንዛው ቅርንጫፉን ዘርግቶ ቤቱ ላይ ተኝቷል። ይቆረጥ አለ። ይሁንና ዋንዛው ላይ ቀፎ ነበረ፤ የጎረቤታቸው የጋሽ ባየ ቀፎ። ጋሽ ባየ የሸኮ ተወላጅ ነው፣ ሸምግሏል።

«መሬቱ የአባትህ ነው፣ አልካድኩም» አለው። «ዛፉ ላይ ቀፎ የሰቀለው ግን አባቴ ነው። ደግሞስ ከሥሩ ያለው ቡና? ጥላውን ስትነሣው ምን ሊሆን ነው?»

«ጋሽ ባየ፣ ቡናው ይቃጠል። ልጄ በዚህ ፀሐይ ነው የምትኖረው።»

ሽማግሌው ልጅቷን አያት። ከዚያ ወዲያ አልተከራከረም። ቀፎዎቹን ራሱ በገመድ አወረዳቸው፤ ማሩን ቆርጦም አንድ ቅል ሙሉ ለላምያ አመጣላት፣ ለዛፉ ቂም እንዳልያዘ ለማሳየት። ዋንዛው ሲወድቅ አባፎጊ አላሁ አክበር ብሎ ጮኸ አሉ። ላምያ ግን ቅሉን ይዛ ተጨነቀች፤ ማር እዚያ ቤት መርዝ ነው። እምቢ ማለትም ነውር ሆነባት፤ ለእንግዳ ይሆናል ብላ ከአልጋ ሥር አስቀመጠችው።

ጥላው ሲነሣ የቡናው ቅጠል ይቃጠል ጀመር፣ ቢጫ ሆነ፣ ረገፈ። አባፎጊ ዞር ብሎም አላየው። ባትሪው ሞላ! ፍሪጁ ቀን ከሌት ያጉረመርማል። ለአረፋ በዓል ሳይሆን እንዲሁ ናፍቀውኝ ስሄድ ከበር ተቀብሎ ምን ቢያጠጣኝ ጥሩ ነው? በረዶ ያለበት ውሃ! ሸኮ ጫካ ውስጥ በረዶ! ሹክሪያ በረዶውን በጥርሷ እየቀረጠፈች ትስቃለች፤ ላምያ ሻሿን ሸብ አድርጋ ትስቃለች። አባፎጊ ደረቱን ነፍቶ፣ «አሁንስ ምን ትያለሽ ዘይቱ?» አለኝ። ምን እላለሁ? ደስ አለኝ። ወላሂ ደስ አለኝ፤ በመንገዴ ሁሉ ዱዓ እያደረግሁለት ተመለስኩ።

መድኃኒቱን የሚያስቀምጠው ፍሪጁ ውስጥ በስተኋላ፣ ግድግዳው በረዶ ከሚሠራበት ዘንድ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠውን ብርድ ለልጁ መምረጡ ነው። አንዳንድ ጠዋት ብልቃጡ ድንጋይ ሆኖ ያገኘዋል። ደስ ይለዋል! በብብቱ ይዞ ያሟሟዋል፣ ይንጠዋል፣ ነጣ ሲል ወደ ብርሃን ያነሣዋል። ጓል የለም። «አልሐምዱሊላህ፣ አልረጋም» ይላል፤ ይወጋታል።

ሹክሪያን ውሃ ውሃ ይላት ጀመር። እንስራ ሙሉ ብትጠጣ አትረካም፤ ስትወጣ ስትገባ ትውላለች። ጉንጯ ጎደለ። ጣቷን በጥተው በመሣሪያዋ ሲለኩላት ስኳሩ ሰማይ ነክቷል። አባፎጊ መሣሪያው ተበላሽቶ ነው አለ፤ ፈትቶ ጠግኖ ገጠመው። ያው ነው። መድኃኒቱን ጨመረላት። ያው ነው። ታዲያ ምን ቀረ? መድኃኒቱ ደህና ነው፣ እሱ በዓይኑ አይቶታል፤ ፍሪጁ ደህና ነው፤ ያልታመነ አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው። ከአልጋ ሥር ጎንበስ ብሎ የማሩን ቅል አወጣ።

«ማር በልተሻል» አላት።

«አልበላሁም አባ።»

«ቅሉ ጎድሏል።»

ቅሉ የጎደለው ላምያ ለጋሽ ባየ የልጅ ልጅ የሳል መድኃኒት ይሆነዋል ብላ ከማሩ ስለሰጠችው ነው። ነገረችው፣ አላመናትም፤ ልጇን ልትሸፍን ነው ብሎ። ልጅቷ «ወላሂ አልበላሁም» ስትለው፣ «በአላህ ስም አትዋሺ!» ብሎ ጮኸባት። ያ ሰው ልጁ ላይ ጮኾ አያውቅም ነበር። ቅሉን ወስዶ ደፋው። እንደገና ሲለካት አሁንም ከፍ ያለ ሆነ፤ እንግዲህ ከውጭ ነው የምታገኘው ብሎ ከቤት እንዳትወጣ ከለከላት። አስቡት፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ጉሮሮዋ ደርቆ፣ ሰውነቷ እየከሳ፣ አባቷ ሌባ ብሏት በር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቃት።

ላምያ ከጉብታው ወጥታ ደወለችልኝ። «እትዬ ዘይቱ፣ ልጄ እያለቀችብኝ ነው» አለችኝ። «አባፎጊን አቅርቢልኝ» አልኩ። ከቤት ጠርታው ጉብታው ላይ ወጣ። «አሁኑኑ አምጣት!» ብዬ ጮኽኩበት። «ማሩን ስለደፋሁት ይስተካከላል፣ ትንሽ ቀን ብቻ» አለኝ። ሰደብኩት። አባቴን ጠርቼ ሰደብኩት። በነገታው ልጅቷ ማስታወክ ጀመረች፤ መልስም መስጠት አቃታት። ያኔ ተሸክሟት መኪና መንገድ ድረስ ሮጠ፤ በሰው ሞተር ሳይክል ከጀርባው አስሯት ሚዛን ደረሰ።

ሐኪም ቤት ደጃፍ ተቀበልኳቸው። ትንፋሿ እየጎተተ ይወጣል፤ አፏ ከመጠን በላይ የበሰለ ሙዝ ይሸታል። ወዲያው አስተኟት፤ ሐኪሙም ሌላውም ተሯሯጠ፤ ግሉኮስ ሳይሆን ሌላ ውሃ ሰቀሉላት፣ አዲስ መድኃኒት ሰጧት። ያላደረጉት ነገር የለም፤ ይህን እመሰክራለሁ። አባፎጊ ከኪሱ ብልቃጡን አውጥቶ ለሲስተር በየነች ዘረጋላት፣ እሱ ጥፋት እንደሌለበት ሊያሳያት።

«መድኃኒቷ ይኸውና ሲስተር፤ አንድም ቀን አላቋረጠችም።»

ሲስተር በየነች ብልቃጡን ወዘወዘችው፣ ወደ መስኮቱ አነሣችው። «የት ነበር የተቀመጠው?»

«ፍሪጅ ውስጥ። የራሴ ፍሪጅ ነው፣ መብራት አይጠፋበትም። አንድ ቀን እንኳ አልሞቀም። ጠዋት ሳወጣው ድንጋይ ነው፤ በብብቴ ነው የማሟሟው።»

ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። «እንዳይረጋ ብዬህ አልነበረም?» አለችው ቀስ ብላ።

«አልረጋም! እዪው እንጂ! በየቀኑ እያየሁት፤ አንዲት ጓል አልቋጠረም!»

«በረዶ ሆኗል እያልከኝ እኮ ነው። መርጋት ያልኩህ እሱን ነው። አንዴ በረዶ ከሆነ ቢሟሟም አይሠራም። ውሃ ነው የወጋሃት ወንድሜ።»

እኔ አሁን ይጮኻል፣ ግድግዳ ይመታል፣ አማርኛችሁ ገደለኝ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። እኔ ራሴ ልጮህ ነበር። እሱ ግን ብልቃጡን ከእጇ ተቀበለና አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«ሲስተር፣ ታዲያ ማሩን አልበላችም?»

«የምን ማር?» አለች።

ላምያ መሬት ላይ ተዘርግታ አለቀሰች። አባፎጊ ወደ አልጋው ሄደ፤ ተንበርክኮ አፉን ጆሮዋ ላይ አደረገ። «ሹክሪ፣ አልበላሽም። አውቄያለሁ፣ አልበላሽም። ዋሾው እኔ ነኝ። አፉ በይኝ የኔ እናት፣ አልበላሽም» እያለ ደጋገመው። ድምፁ እስኪዘጋ ደጋገመው። ዓይኗ በከፊል ተገልጦ ነበር፤ ወደ እሱ ግን አያይም። ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት በፊት ትንፋሿ ቆመ። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበርናት።

አሁን እኔ ጋ ነው ያለው፤ ከሱቄ ጓሮ ባለችው ክፍል። ላምያ ጅማ ዘመዶቿ ዘንድ ሄዳለች፤ ትመለስ አትመለስ እንጃ። መሬቱን ጋሽ ባየ ይጠብቀዋል። ሰው የፀሐይ መብራት ግጠምልን እያለ ይመጣል፤ አባፎጊ ይገጥምላቸዋል፣ ቤታቸው ስኳር የያዘው ሰው እንዳለ ይጠይቃል፣ ካለ ተቀምጦ ብዙ ያወራል። ሲመለስ እራቱን አቀርብለታለሁ። አንዳንዴ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቆም ይላል።

«ሰምታኛለች እኮ ዘይቱ» ይለኛል። «አልበላሽም ስላት እጄን ጨበጥ አድርጋኛለች። አንቺም አጠገቤ ነበርሽ፤ አላየሽም?»

«አይቻለሁ፤ ጨብጣሃለች» እለዋለሁ።

አላየሁም።